ሁለት ሊንክ ታስሮ አንዱ ብቻ ሲሞላ

የፋይል ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው፤ ከሲስኮ ካታሊስት ስዊች ጋር በሁለት ባለ 1 ጊጋቢት ኬብል በኤልኤሲፒ (ብዙ ኬብልን እንደ አንድ ሊንክ በሚያስር ስምምነት) ታስሯል። ተጠቃሚዎቹ በሌላ ቪላን (ተከልሎ የተለየ ኔትወርክ)፣ ከራውተሩ ወዲያ ናቸው። ቦንዱ (የታሰሩት ሊንኮች ጥንድ) ላይ ስህተት የለም። የፖርት ቆጣሪዎቹን ሳይ ግን ወደ ውጭ አንዱ ሊንክ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሌላው ሥራ ፈት ነው።

የሊኑክስ ቦንዲንግ ካልነኩት በቀር ሃሹን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) በየትኛው ሊንክ እንደሚሄድ የሚወስነውን ቁጥር፣ የሚያሰላው በላየር 2፣ ማለትም ከማክ አድራሻዎች (ከኔትወርክ ካርዶቹ መለያ ቁጥሮች) ነው። እዚህ የሚወጣው ፍሬም ሁሉ መነሻው የሰርቨሩ ማክ፣ መድረሻው የራውተሩ ማክ ነው። ወደ ሃሹ የሚገባው ካልተለየ ከሃሹ የሚወጣውም አይለይም።

አይፒም እንዲገባ ወደ ላየር 2+3 ቀየርኩት። ያው ሆነ። ሰርቨሩ 10.1.1.20 ነው፤ ተጠቃሚዎቹ 10.1.2.10፣ 10.1.2.12፣ 10.1.2.14 እያሉ የሚቀጥሉ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው፤ ኢተጋማሾቹ ለማኔጅመንት ተይዘዋል። ሃሹ አድራሻዎቹን በኤክስኦር (ቢት ለቢት በሚያነጻጽር ስሌት) ካጣመረ በኋላ ውጤቱን ለሊንኮቹ ብዛት አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። ለ2 ሲካፈል የሚወስነው የመጨረሻው ቢት ብቻ ነው። የቀረው የአድራሻ ክፍል ለሁሉም አንድ ሆኖ መጨረሻው ሁሌ ተጋማሽ ከሆነ ያ ቢት አይነቃነቅም። የአድራሻ አሰጣጥ ልማድ ሊንክ እንደሚያስተኛ ብዙ ሰው አይጠረጥርም።

ላየር 3+4 ላይ የፖርት ቁጥርም (የኬብሉ መሰኪያ ሳይሆን የእያንዳንዱ ግንኙነት መለያ ቁጥር) ስለሚገባ ትራፊኩ ተከፈለ። ጣጣው ግን አለው፦ ለተቆራረጠ ፓኬት ፖርቱ ከስሌቱ ይወጣል፣ አይፒ ብቻ ይቀራል። የተቆራረጠና ያልተቆራረጠ የሚቀላቅል የዩዲፒ ፍሰት በሁለቱ ሊንክ ሄዶ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ ይችላል።

ይህ ሁሉ ከሰርቨሩ ለሚወጣው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ የሚወስነው ስለሚልከው ነው፤ ኤልኤሲፒ የሃሽ ምርጫ አያስማማም። ስዊቹ በመነሻ ማክ ይከፍል ነበር፤ ከራውተሩ የሚመጣው ሁሉ መነሻ ማኩ አንድ ስለሆነ ወደ ሰርቨሩም አንድ ሊንክ ብቻ ይሞላ ነበር። ወደ መነሻና መድረሻ አይፒ ቀየርኩት። በብዙ ካታሊስቶች ላይ ይህ ትእዛዝ የስዊቹን ፖርት ቻናሎች (የታሰሩ ሊንኮች) በሙሉ ስለሚነካ ሌሎቹን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። እንደ 2960 ያሉት ሞዴሎች ደግሞ የፖርት ቁጥር ከነጭራሹ አያሰሉም።

ሦስተኛ ኬብል ልጨምር ለሚል፦ ብዙ ካታሊስቶች ሃሹን በ8 ከፍለው ስለሚያድሉ 3 ሊንክ 3፣ 3፣ 2 ይደርሰዋል። እኩል የሚሆነው በ2፣ በ4 ወይም በ8 ነው።

ከሰርቨሩ የሚወጣውን ለመፈተሽ አይፐርፍ3ን (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ከሰርቨሩ ወደ ውጭ በ8 ትይዩ ግንኙነት ማስኬድና የፖርት ቆጣሪዎቹን ማየት ይበቃል። 4 ለ4 ካልተከፈለ አያስደንግጥ፤ ሃሽ የትኛው ፍሰት ከባድ እንደሆነ አያውቅም። አንድ ግንኙነት ብቻ ከሆነ ግን ስንት ኬብል ቢታሰር ከ940 ሜጋቢት ገደማ አያልፍም፤ ፍሬሞቹ ቅደም ተከተላቸውን እንዲጠብቁ ሲባል በአንድ ሊንክ ብቻ ይሄዳሉ። በሁለት ራውተሮች መካከል በአይፒሴክ ዋሻ (በተመሰጠረ መስመር) የሚያልፍ ትራፊክም፣ ውስጡ ሺህ ተጠቃሚ ቢኖር፣ ለሃሹ ያው አንድ ፍሰት ነው።