ዋጋ ከፍዬ የሸሸሁበት ሁለት ዓመት

የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ናት። ሰኞ ትገባለች፣ ረቡዕ ታልቃለች። ለእኔ ግን ከዓመቱ አጽዋማት ሁሉ የምትከብደኝ እሷ ናት።

በዚያ ሰሞን ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ ሰማሁ። ከልጅነቴ የማውቀው ታሪክ ነው። የዚያን ቀን ግን አንዲት ቃል ያዘችኝ። ዮናስ ወደ ኢዮጴ ወረደ፣ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ፣ ዋጋም ከፈለ ይላል። ከኪሱ ከፍሎ ነው ከእግዚአብሔር ፊት የሸሸው። ቀና ስል ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት ያዩኛል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ያውቀዋል፤ የትኛውም ጥግ ብትቆሙ ዓይናቸው እናንተ ላይ ነው።

እኔም ከሸሸሁ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

እዚሁ ጎንደር አራዳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ከዚያች ጾም ሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጎረቤቴን ልጠይቅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄጄ፣ መንገድ ስቼ የካላዛር ሕሙማን የተኙበት ክፍል በር ላይ ደረስኩ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ሰሊጥ ሊያጭዱ መተማና ሁመራ ቆላ ወርደው የአሸዋ ዝንብ የነከሰቻቸው። በሽታው ወራት አድፍጦ ቆይቶ ይነሣል። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነት ይመነምናል፣ ጣፊያ አብጦ ሆድ ይነፋል። አገራቸው ሩቅ ስለሆነ ብዙዎቹ አስታማሚ የላቸውም። አንዱ ልጅ ከንፈሩ ደርቋል። ጠርሙሱን ያያል፣ እጁ ግን አይደርስበትም። እኔ ደንግጬ ወጣሁ።

«ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሕልም አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ማን እየጠራኝ እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የመዘምራን ልብስ በነጻ መስፋት ጀመርኩ። ሌሊት ሳይቀር ስሰፋ አድር ነበር። ሰው ሁሉ መረቀኝ። ልብሱ መሰፋቱ መልካም ነው፤ ለእኔ ግን መርከቤ ነበር። በአገልግሎት ተሸፍኜ ከተጠራሁበት ቀረሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በጎ ሥራ ውስጥ የተደበቀ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።

ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። «አባ፣ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬ አጽናናቸዋለሁ?» አልኳቸው።

«ሙሴም እንዲሁ ብሎ ነበር ልጄ» አሉኝ። «ደግሞስ ማን ስበኪ አለሽ? ውሃ ቅጂላቸው።»

እማዬ ግን ተቆጣች። «በሽታ ይዘሽብኝ ልትመጪ ነው ዓለሜ?» አለች። ነርሷን ጠየቅኩ። ከሰው ወደ ሰው በመነካካት እንደማይተላለፍ አስረዳችኝ። ለእማዬ ነገርኳት፤ አላመነችም።

እሑድ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ጉልበቴ ተብረከረከ። ድፍረት ይመጣልኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልመጣም። አማትቤ እንደፈራሁ ገባሁ። በር ላይ ላለው ልጅ «ውሃ ልስጥህ ወንድሜ?» አልኩት። ጠጣና «እታለም፣ ከየት መጣሽ?» አለኝ። ወሬያችን በዚሁ ተጀመረ። ድፍረቱ መቼ እንደመጣ አላውቅም። ከዚያ አልጋ ወደሚቀጥለው ስሄድ ግን እግሬ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ያን ከንፈሩ የደረቀውን ልጅ አላገኘሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ይጠብቀኛል? ስሙን እንኳ አላውቅም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ «ያን ልጅ» እያልኩ አስበዋለሁ።

ስሄድ ስሄድ ብዙ ተማርኩ። አንዱ ሕመምተኛ ሙስሊም ነበር። ሳልጠይቀው ልጸልይ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ቶሎ ዘጋሁት። «ልጸልይልህ ወንድሜ?» ስለው «ጸልዪልኝ፣ አላህ ይስጥሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ አልጸልይም።

ትልቁ ስሕተቴ ግን የጠበሉ ነው። ሕክምናው በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው፣ ለ17 ቀን። ያማል። ለአንዱ ልጅ ጠበል ወሰድኩለትና «እግዚአብሔር ያድንሃል» አልኩት። በሚቀጥለው ስመለስ ልብሱን ቋጥሮ ተቀምጧል። ዘጠነኛ ቀኑ ነው። «አንቺው አይደለሽ እግዚአብሔር ያድንሃል ያልሽኝ? መርፌው ይብቃኝ፣ ጠበል ልሂድ» አለኝ። ደሜ ቀጥ አለ። ሕክምናውን ካቋረጠ ሊሞት ይችላል። እየሮጥኩ ለአባ ደወልኩ። እሳቸው በስልክ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነሡለት፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም። «ጠበልህንም ጠጣ፣ መርፌህንም ተወጋ» አሉት። ልብሱን ሲፈታ አለቀስኩ። 17ቱን ቀን ጨርሶ በእግሩ ወጣ።

አሁን የምናገረውን እመዝናለሁ። ሐኪሞቹ የሚሉትን ሳልሰማ የተስፋ ቃል አልሰጥም። ብቻዬንም አልሄድም፤ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሁለት እኅቶች አብረውኝ አሉ። ሳሙናና ነጠላ ጫማ ካለን እንይዛለን። ብዙዎቹ ሲመጡ ባዶ እግራቸውን ናቸውና። የመዘምራኑን ልብስ ዛሬም እሰፋለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ።

አጥሚቱን አሁን የምታፈላው እማዬ ናት። ስንት ጊዜ ብነግራት ሆስፒታሉ ድረስ አትመጣም፣ ገና ትፈራለች። ትናንት ማታ ግን ገብስ እየነፋች ቀና አለችና «ያ የደባርቁ ልጅ ስንተኛ ቀኑ ነው?» አለችኝ።

«አሥራ አንደኛው» አልኳት።

«ስድስት ቀረው» አለችና ወንፊቱን አነሣች።