ቤት የሚመታ እንግሊዝኛ፦ በ«ቲ» የሚያልቁ አጫጭር ቃላትን ለልጆች እንዴት እንዳስያዝኩ

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል»ን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ጽፈው ሲሰጧት ግን «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብላ ትጠራና ትቆማለች። ከዚያስ? ዝም። የጎረቤት ልጆችም ያው ናቸው። ዘፈኑ የሚያስይዘው የቃሉን መጀመሪያ ብቻ ነው። እኔ ከመጨረሻው ልጀምር አልኩ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከግጥም ነው። ልጆች ግጥም ሲሞክሩ ዓይናቸው የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው። «ቤት መታ፣ አልመታም» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። በእኛ ጆሮ «ሌሊት» እና «እሳት» ቤት ይመታሉ፤ ሁለቱም በ«ት» አልቀዋላ። እንግሊዝኛ ግን ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ያለው ድምፅም እንዲገጥም ይፈልጋል። «ካት» እና «ሃት» ይሄዳሉ፣ «ካት» እና «ፖት» አይሄዱም። መጻሕፍቱ «ካት፣ ሃት፣ ማት» እያሉ ለብቻ ለብቻ የሚቧድኗቸውም ለዚህ ነው። እኔ በእኛው ጆሮ ሄድኩ። በቲ ይለቅ እንጂ መሃሉ የፈለገውን ይሁን።

ዕቃው ወጪ የለውም። የሀይላንድ ክዳን ሰበሰብን፤ እዚህ ሰፈር እሱ አይጠፋም። እያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል በማርከር ጻፍን፣ አናባቢዎቹን በቀይ፣ የቀሩትን በጥቁር። የማይለቀው ዓይነት ማርከር ይሁን፤ ተራው የልጅ እጅ ላብ አይችልም። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ቲን በቀኝ በኩል እናስቀምጣታለን። እሷ አትነቃነቅም። መሃል ቀዩ ክዳን ይለዋወጣል፣ በግራ ደግሞ ጥቁሩ። ልጁ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥን ስለሌለ ተማሪው ይበዛል፣ የስልክ ባትሪ አብርተን እንቀጥላለን።

በቀላሎቹ ጀመርን። «ሃት» ባርኔጣ፣ «ማት» ምንጣፍ፣ «ፋት» ወፍራም፣ «ኔት» መረብ፣ «ዌት» እርጥብ፣ «ሆት» ትኩስ፣ «ፖት» ድስት። «ነት» ለውዝም ነው፣ ቡሎን የሚያጠብቀው ዳዶም ነው። አባቱ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ዳዶዋን ይዞ ቀረ፣ ለውዙን ለሌሎቹ ተወላቸው።

ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በቲ የሚያልቁት ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ግማሾቹ አማርኛ ሆነው ቁጭ ይላሉ። «ራት» አይጥ ነው። «ባት» የሌሊት ወፍ። «ሴት» ማስቀመጥ ወይም ማዘጋጀት፣ «ሌት» መፍቀድ። አንዷ ሕፃን «ጋሼ፣ ራት በላን ስንል አይጥ በላን ነው?» አለች። ከት ብለው ሳቁ። እኔም ቀጠልኩና «ከት» ማለት መቁረጥ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁማቸው! ያን ቀን የተሳቀባቸው ቃላት እስካሁን አልተረሱም፤ «ማት»ን ግን ዛሬም ድረስ አስታውሳቸዋለሁ። ስለዚህ አዲስ ቃል ሳመጣ መጀመሪያ የሚያስቅ ነገር አለው ወይ ብዬ አያለሁ።

«ቤት» ውርርድ ማለት ነው። በየመንገዱ የበዙት የቤቲንግ ቤቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። ይህቺን ብዘላት ደስ ባለኝ ነበር። ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ታፔላው ላይ ያነቧታል፤ ከእኔ ይስሟት ብዬ አስተማርኳቸው።

ስለ ድመቷ፣ ስለ «ካት»፣ ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ትምህርት ቤትም የሚማረው በቁቤ ነው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የኦሮምኛ መጻፊያ እንዲሆን ሲመረጥ ቅርጹን የወሰደው ከላቲን ፊደል ነው፣ የአንዳንዶቹ ድምፅ ግን የራሱ ነው። ሲ «ጨ» ትባላለች፣ ኤክስ ደግሞ «ጠ»። ታዲያ ልጁ ሲ-ኤ-ቲን «ጨት» ብሎ አነበባት። ሌሎቹ ጫት ያለ መስሏቸው ሊሞቱ ሆነ። እሱ በቁቤው ትክክል ነው። ከሁሉም ቀድሞ ፊደል አገጣጥሞ የማንበብ ልምድ ያለውም እሱ ነው። ቲ ደግሞ በቁቤም በእንግሊዝኛም «ት» ናት። ከዚያ በኋላ መሪ አደረግኩት፤ ሲ ስትመጣ ብቻ «የእንግሊዝኛዋ ናት» እለዋለሁ።

ግሦቹ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየን። አማርኛ ቆረጥኩ፣ ቆረጥሽ፣ ቆረጠ፣ ትቆርጣለች እያለ ቅርጹን ሲቀያይር ይውላል። «ከት» ግን የትናንቱም የዛሬውም ያው «ከት» ነው። «ሂት» (መምታት)፣ «ፑት» (ማኖር)፣ «ሴት» እና «ሌት»ም እንደዚሁ። ዛሬ የሚሆነውን ስለ «እሱ» ወይም ስለ «እሷ» ስናወራ ብቻ ኤስ ትጨመራለች። «ሺ ከትስ» ካልን ሁሌ ትቆርጣለች፣ «ሺ ከት» ካልን ቆርጣ ጨርሳለች። ሁሉም ግን እንዲህ ቀላል አይደሉም። «ሲት» (መቀመጥ) ትናንት ላይ «ሳት» ትሆናለች፣ «ጌት» (ማግኘት) ደግሞ «ጎት»። ዩ ያለባቸው ላይም ጠንቀቅ ነው። «ከት»፣ «ነት» እና «በት» (ግን) በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲነበቡ «ፑት» ብቻዋን ታፈነግጣለች። ለምን ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ነው የሚባለው አልኩና አለፍኩ።

ቀጥሎ ከቲ በስተቀኝ ቀይዋን ኢ አመጣን። እሷ ራሷ አትነበብም፣ ግን ትነካካለች። «ሃት» «ሄይት» ትሆናለች፣ መጥላት። «ቢት» (ጥቂት) «ባይት» ትሆናለች፣ መንከስ። «ከት» «ኪውት» ትሆናለች፣ ታምራለች የምንላት ዓይነት። ፊደል ለቆጠረ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም። እኛ ዘንድ ድምፅ ቀያሪው ፊደሉ ላይ ይለጠፋል፤ «ለ» ጎኗ ላይ ሰረዝ ሲወጣላት «ሉ» ትሆናለች። እዚያ ደግሞ ኢ ዳር ቆማ፣ ቲን ተሻግራ፣ መሃል ያለውን ትቀይራለች። «በሩቁ ነው የምትሠራው» አለች ልጄ።

ይህን ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልበል። ቃሉን ከነገሩ ጋር አያይዙት። እኛ «ሆት»ን የተማርነው ሻይ ሲፈላ፣ «ዌት»ን ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ሥር ቆመን ነው። ቃልና ትርጉም ደርድሮ ማስሸምደድ እኛ ሰፈር አልሠራም፤ ጠዋት የተያዘው ማታ ይበናል። ደግሞ አታስረዝሙት። ልጆቹ ክዳኑን እንደ ብይ መወርወር ሲጀምሩ የዚያ ቀን ትምህርት አብቅቷል።

ከቲ በኋላ ፒ ቀላል ናት፤ «ካፕ» ቆብ፣ «ማፕ» ካርታ፣ «ከፕ» ስኒ። ጂም አታስቸግርም፤ «ዶግ»፣ «ባግ»፣ «ሌግ»። ኤክስ ላይ «ታክስ»፣ «ቦክስ»፣ «ሚክስ» ቤት ውስጥም ስለሚሰሙ እንግዳ አልሆኑባቸውም። «ኦክስ» (በሬ) ብቻ ሲበዛ «ኦክስን» ይሆናል፣ ልክ ቻይልድ ቺልድረን እንደሚሆነው። ደብሊውን ወደኋላ አቆይቷት፤ «ካው» (ላም) እና «ሎው» (ዝቅተኛ) ጫፋቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው ለየቅል ነው። አሁን አር ላይ ነን። «ካር»፣ «ጃር»፣ «ፋር»። እንግሊዝ አገር ብዙው ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን አር አይላትም፣ አሜሪካኖች አጥብቀው ይሏታል። ሁለቱንም አሰማኋቸው። የአሜሪካኑን መረጡ፣ ካርቱኑ ነው መሰል።