ሰኔን ኩሽና ውስጥ

በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ካለችው ከተልሳ ተነስቶ አንድ ሰዓት ገደማ የነዳ ሰው ፓውሃስካ ይደርሳል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኦሴጅ ሕዝብ መዲና ናት። መንገዱ ሣር ነው፤ አልፎ አልፎ ነዳጅ የሚስብ ፓምፕ ያጋጥማል። ሌላ የሚወራለት ነገር የለውም።

የጋበዘችኝ አብራኝ የምትማር የኦሴጅ ልጅ ናት። ዶክትሬቷን እየጻፈች ነው። አማካሪዋ «አንዱን ምዕራፍ በሰኔ አስገቢ» ሲላት «በሰኔ ኩሽና ነኝ» አለችው። ሰኔ የኢንሎንሽካ፣ የኦሴጆች የጭፈራ በዓል፣ ወር ነው። በግሬይሆርስ፣ በሆሚኒና በፓውሃስካ በየተራ አራት አራት ቀን ይጨፈራል። ከበሮው መሃል ይቀመጣል፤ ጠባቂው ልጅ ነው፣ የቤቱ በኩር። ልጁ ብቻውን እንግዳ አያበላም፤ ዘመድ አዝማዱ ሽር ጉድ ይላል።

ሠርግ ቤት ጓዳ ያደገ ሰው እዚያ ግራ አይገባውም። ጭስ፣ ድንች፣ በዘይት የሚጠበስ ዳቦ፣ ትእዛዝ የሚሰጡ አንዲት አክስት። ለእኔም ቢላ ሰጡኝ። ተማሪ መሆኔን ስነግራቸው ቀና እንኳ አላሉም። «ስለ እኛ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ሳህን የሚያጥብ ነው የጠፋው» አሉኝ። አጠብኩ። ጭፈራው ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ እዚህ የምለጥፈው የለኝም።

ማታ ላይ ልጅቷ ለአጎቷ ልጅ በኦሴጅ ፊደል መልእክት ስትልክ አየሁ። ፊደሉን እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጁት ኸርማን ሞንግሬን ሉካውት ናቸው። ፊደሎች በስልክና በኮምፒውተር እንዲጻፉ የሚያስችለው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ2016 ነው። በራሴ ፊደል ስጽፍ ለኖርኩት ለእኔ፣ ከፊደሏ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ማየት ትንሽ ይገርማል።

ስለ ነዳጁ የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቃት እሱን ነው። በ1906ቱ ሕግ መሬቱ ለየሰው ተከፋፈለ፤ ከመሬቱ በታች ያለው ማዕድን፣ ነዳጁም ጭምር፣ ግን የጋራ ሆኖ ቀረ። ገቢው መዝገብ ላይ ለሰፈሩት 2,229 ሰዎች እኩል ይታደል ነበር። በ1920ዎቹ ለዚያ ድርሻ ሲባል ብዙ ኦሴጆች ተገደሉ፤ ከገዳዮቹ መካከል አግብተው ዘመድ የሆኑ ነጮችም ነበሩ። ይህ ይታወቃል። የማይወራው ሌላ ነው። ድርሻው የሚወረስ ነው። እናቷ በሕይወት ስላሉ የእሷ እጅ ባዶ ነው። አዲሱ የኦሴጅ ሕገ መንግሥት በ2006 እስኪጸድቅ ደግሞ፣ በ1990ዎቹ ከነበሩት ጥቂት ዓመታት በቀር፣ ድርሻ የሌለው ሰው አይመርጥም ነበር። ከበሮው ጋ ኦሴጅ ነህ፣ ምርጫ ጣቢያ ግን የለህም ማለት ነበር። ከሁሉም ይህ ነው ያበገነኝ።

ስለ ድርሻው በጽሑፏ በሰፊው ገብታበታለች። ስለ ጭፈራው ዘፈኖች ግን አንድ መስመር የለም። አክስቷ «እሱ ይቅር» ስላሏት ቀረ። ከፈታኞቹ አንዱ ጎዶሎ ነው ይላት ይሆናል። ይበል።