ጥንቸሎቼን ፍራፍሬ የማበላበት ልክ

ሱሉልታ ላይ ጥንቸል ለሚያሳድግ ሰው ትልቁ ዕድል ድርቆሽ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲታጨድ እገዛና ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ እከምረዋለሁ። ሻጋታ የሸተተውን ለጥንቸል አልሰጥም። ደህናው ድርቆሽ ግን ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው አይጠፋም። ፍራፍሬ የምሰጠው አመሻሽ ላይ፣ ድርቆሹ መጉደሉን አይቼ ነው፤ ያልጎደለ እንደሆነ የዚያን ቀን ፍራፍሬ የለም።

ምክንያቱ ሆዷ ነው። ጥንቸል የበላችውን በአብዛኛው የምታብላላው ዕውር አንጀቷ (ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ከረጢት) ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ሲሆን፣ እነሱ የለመዱት የሣር ፋይበር ነው። ስኳር ሲበዛባቸው ጠቃሚዎቹ ይዳከማሉ፣ ጎጂዎቹ ይራባሉ፣ ጋዝ ይሞላል፣ አንጀቱም ቀስ እያለ ይቆማል። ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም።

ልኬን በማንኪያ አድርጌዋለሁ። 2 ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል አንድ የሻይ ማንኪያ የተከተፈ ፍራፍሬ፣ በሳምንት 3 ቀን። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ አራት አምስት ቁራጭ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን አንድ ማንኪያ የሚፈቅዱ አሉ፤ እኔ ግን ግቢ ውስጥ ሌላ ሰውም አጉርሷት ሊሆን ስለሚችል በዚያ ልክ አልሄድም። ክብደቷን የማውቀው ቅርጫት ውስጥ አስገብቼ በሚዛን ላይ በማስቀመጥና የቅርጫቱን በመቀነስ ነው። 6 ወር ላልሞላት ግልገል ምንም ፍራፍሬ አልሰጥም።

አዲስ ፍራፍሬ ሲሆን አንድ ቁራጭ ብቻ ሰጥቼ ሁለት ቀን በጠጧን አያለሁ። ደህናው እንደ ሽምብራ ድብልብል፣ ደረቅና ሲፈረፈር ሣር የሚመስል ነው። ከዚህ ሌላ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ታወጣለች፤ ይህ በሽታ አይደለም፣ ራሷ መልሳ ከቂጧ ላይ የምትበላው ምግቧ ነው። መሬት ላይ ተጨፍልቆ ወይም ጭራዋ ሥር ተለጥፎ ካገኘሁት ግን ስኳር ወይም ፉርሽካ በዝቷል ማለት ነው። ሁለቱንም ለአንድ ሳምንት አቆምና በድርቆሽ ብቻ እመልሳታለሁ። የተለጠፈውንም ለብ ባለ ውኃ አጥቤ አደርቃለሁ፤ ዝንብ እንቁላል ከጣለበት ትሉ ቆዳዋን ይበላል።

ከጨንቻ የሚመጣው ፖም ከሁሉ ይመቸኛል። መሃሉን ከነፍሬው አውጥቼ እጥላለሁ፤ ፍሬው ሲታኘክ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። የኮክ ውስጠኛ ጠንካራ ፍሬም እንዲሁ ነው። ማንጎና ፓፓያ ልጬ፣ ፍሬያቸውን አውጥቼ እሰጣለሁ። ፓፓያ አንጀት ውስጥ የተከማቸ ፀጉር ያሟሟል የሚባለውን አልቀበልም። ፀጉር የሚከማቸው አንጀቱ ስለዘገየ ነው፤ የሚያስኬደው ድርቆሽና ውኃ ነው። ሙዝ በጣም ይወዳሉ፣ ስኳሩና ስታርቹም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ አንድ ክብ ቁራጭ ይበቃል። እንጆሪ ከነቅጠሉ ይሆናል። ዘቢብ ውኃው ወጥቶ ስኳሩ የቀረ ነውና አንዷ ፍሬ የቀኑ ሙሉ ድርሻ ናት። ካሮትንም ከፍራፍሬ ጋር እቆጥረዋለሁ፤ ቅጠሉ ግን እንደ ሌላው አረንጓዴ ነው።

አቮካዶ በጭራሽ። ሥጋው፣ ልጣጩ፣ ፍሬው፣ ቅጠሉ፣ ሁሉም ፐርሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ጥንቸልን ልቧንና ሳንባዋን ይጎዳል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ የሚሳሳቱት በጁስ ቤት ልጣጭ ነው። በነፃ ይገኛል፣ በማዳበሪያ ሞልቶ ይመጣል፣ ከላይ ሲታይ ፓፓያና ማንጎ ነው። ከሥር ግን አቮካዶ አለ፤ በጾም ወራት ደግሞ ይብሳል። አቮካዶው ተለቅሞ ቢወጣ እንኳ ቅባቱ ሌላውን ለክፎታል፤ ማዳበሪያው ፀሐይ ላይ ከዋለም ጎምዝዞ መፍላት ጀምሯል። አብስለው ይሰጡታል የሚሉም ገጥመውኛል፤ ማብሰል መፍትሔ አይደለም። እኔ ያንን ልጣጭ ለኮምፖስት ጉድጓድ ብቻ ነው የምቀበለው፤ ጉድጓዱንም ጥንቸሎቹ እንዳይደርሱበት አጥሬዋለሁ።

ፍራፍሬውን ሳህን ላይ ጥዬ አልሄድም፣ በእጄ ነው የማጎርሰው። አንድም ጉልበተኛዋ የሌሎቹን እንዳትቀማ ነው። ዋናው ግን ይህች ቁራጭ የጤና መለኪያዬ መሆኗ ነው። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሙዝ ሸትቷት ጥግ ይዛ ከቀረች ግን ጠግባ ነው ብዬ አላልፍም። ጥርሷን እያፋጨች ኩርምት ብላ እንደሆነ፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ እንደሆነ፣ ከሥሯ ትኩስ በጠጥ መኖሩን አያለሁ። ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ምንም ሳትበላና በጠጥ ሳታወጣ ከቆየች አድራ ትሻላት ይሆናል አይባልም፤ ሆዷ ከተነፋ ደግሞ ያንንም አልጠብቅም። ጀርባዋን በጨርቅ ሸፍኜ በካርቶን ወደ እንስሳት ሐኪም እወስዳታለሁ፣ የመጨረሻውን በጠጥ በላስቲክ ይዤ። ቤት ካለ የሰው መድኃኒት ምንም አልሰጣትም፤ በተለይ አሞክሳሲሊን በአፍ ከተሰጣት እነዚያኑ የአንጀት ባክቴሪያዎች ገድሎ እሷንም ይጨርሳታል።