ንባቡን አስቀድሞ፣ ትርጓሜውን አስከትሎ፦ «አርኬን»ን ለቤተሰቤ በአማርኛ ያዘጋጀሁበት መንገድ

በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ በሚገኘው ቤታችን ማታ ማታ የምናየው ነገር ቀደም ብዬ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀመጥኩት ብቻ ነበር። ከዚያ ውስጥ እኔ አብልጬ የምወደው «አርኬን» የተባለውን የአኒሜሽን ተከታታይ ድራማ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜም የሚያውቀው የትምህርት ቤቱን ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዘጠኝ ክፍሎች መጀመሪያ በጽሑፍ፣ በኋላም በድምፅ ወደ አማርኛ መልሼ በቤት ውስጥ ለማሳየት ወሰንኩ። ሥራው ሰባት ወር ወሰደብኝ። ከሰባቱ ወር ብዙውን የበላው ግን ቋንቋው ራሱ እንጂ ኮምፒውተሩ አልነበረም።

ድራማውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ይገባኛል። ታሪኩ የተወሰደው ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2009 ካወጣው «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ከተባለው ጨዋታ ሲሆን፣ በጨዋታው አምስት አምስት ሰው ያላቸው ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው የመረጡትን ጀግና ይዘው ይፋለማሉ። ተጫዋቹ የጀግኖቹን ችሎታ አጥንቶ ይይዘዋል፤ ልጅነታቸውን፣ ማን እንዳሳደጋቸውና ምን እንዳጡ ግን ጨዋታው ራሱ ብዙም አያሳየውም። ክርስቲያን ሊንክና አሌክስ ዪ የፈጠሩት፣ ፓሪስ የሚገኘው የፎርቲሽ ስቱዲዮ የሠራውና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በኔትፍሊክስ የቀረበው ይህ ድራማ ያን ባዶ ቦታ ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሚ ሽልማትን በምርጥ የአኒሜሽን ፕሮግራም ዘርፍ አግኝቷል። ጨዋታውን ከቶ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ተቀምጦ ሊያየው የሚችለው መነሻው ሁለት እህትማማቾች ስለሆኑ ነው፤ ወላጆቻቸውን በድልድይ ላይ በተደረገ ውጊያ ያጡት ቫይና ፓውደር፣ ቫንደር የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት ከሁለት ወንዶች ልጆች ጋር ሰብስቦ ያሳድጋቸዋል።

አጀማመሬ የተሳሳተ ነበር። ሰብታይትል፣ ማለትም ከምስሉ ሥር የሚነበበው የንግግር ጽሑፍ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ንግግሩ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ከሥሩም ንግግሩ ይሰፍራል። በሥራ ቦታዬ በነበረው የኬብል ኢንተርኔት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በኮምፒውተር አስተርጉሜ ስህተቱን ብቻ ላርም አሰብኩ። ማሽኑ ግን ንግግሩን ማን ለማን እንደሚናገረው አያውቅምና ቫይን ከዳር እስከ ዳር «አንተ» እያለ ወንድ አደረጋት። እያንዳንዱን መስመር ማረም ከባዶ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ስለወሰደብኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉንም ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ላይ ሦስተኛውን ክፍል ጨርሼ ፋይሉን ሴቭ ሳደርግ የአማርኛን ፊደል በትክክል የሚያስቀምጠውን «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምርጫ ሳልመርጥ ቀርቼ፣ በማግሥቱ ስከፍተው ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ የጠፋ ፊደል ተመልሶ አይገኝም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፋይል ከመዝጋቴ በፊት ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀምጬ፣ ቅጂውን ከፍቼ አነባለሁ።

ከባዶ ስጀምር መጀመሪያ የጻፍኩት የትርጉም መስመር አልነበረም፤ ማን ማንን እንዴት ብሎ እንደሚጠራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ይህን ሥራ ለሚሞክር ሰው ሁሉ አጥብቄ የምመክረው እሱን ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ተውላጠ ስም የሚያልፈውን ቦታ አማርኛ ጾታውን፣ ብዛቱንና ማዕረጉን ሳይወስን አያልፍም። በእንግሊዝኛው ልጆቹ አሳዳጊያቸውን ቫንደር ብለው በስሙ ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ግን ያጎረሰ፣ ያለበሰ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። «አባዬ» ልበለው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ የሞቱት ወላጆቻቸውን አልረሱም፣ እሱም ቦታቸውን ልውሰድ አይልም። ስለዚህ «ጋሼ ቫንደር» አልኩት። ይህ ውሳኔ ያልጠበቅኩትን ጥቅም ሰጠኝ፤ ፓውደር አድጋ «ጂንክስ» የሚል ስም ከያዘች በኋላ ሁለተኛ አሳዳጊዋን ሲልኮን በባዶ ስሙ እየጠራች «አንተ» ስትለው፣ እናቴ ቀና ብላ «ይቺ ልጅ ሥርዓት የሚያስተምራት ጠፋ እንዴ?» አለች። እኔም ሰሚው እንዲጠይቅ የምፈልገው ያንኑ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የጄይስና የሃይመርዲንገር ንግግር ነበር። ሃይመርዲንገር የጄይስ መምህርና የከተማይቱ ምክር ቤት አንጋፋ አባል ናቸው። ጄይስ ወጣት ተመራማሪ ሳለ «እርስዎ» ይላቸዋል። በኋላ ራሱ የምክር ቤት አባል ሆኖ ከወንበራቸው እንዲነሡ ሲያደርግ «አንተ» ልበል? እህቴ ቁጣውን ለማሳየት ይሻላል ብላ ተከራከረችኝ። እኔ ግን «እርስዎ»ን ተውኩት። ሰው መምህሩን በማክበሪያ ቃል እያናገረ ሲያሰናብተው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምስሉ ላይ የሚታየው የሽማግሌው ፊትም ከተቆጣ ንግግር ይልቅ ከዚህ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ቀጥሎ አስማትና ሳይንስ መጡ። የጄይስ ሐሳብ፣ በልጅነቱ እሱንና እናቱን ከበረዶ ውሽንፍር ያዳነውን የጠንቋዩን ኃይል በመሣሪያ መግራት ነው፤ ስሙንም ሄክስቴክ ብሎታል። አሁን ራሱ «ጠንቋይ» ብዬ ጻፍኩ፣ በትርጉሙ ውስጥ ግን ይህን ቃል አልተጠቀምኩበትም። እኛ ቤት ጠንቋይ ከተባለ እናቴ ጄይስን አንድ ጊዜም አታዝንለትም። «ጥበብ» ብል ደግሞ ቃሉ ዕውቀትንም፣ የእጅ ሙያንም፣ ስውሩን ነገርም አንድ ላይ ስለሚይዝ በጄይስና በምክር ቤቱ መካከል ያለው ጠብ ይጠፋል። በመጨረሻ አንዱን ነገር በሁለት ቃል ከፈልኩት፤ በምክር ቤቱ አፍ «አስማት» ነው፣ በጄይስ አፍ «ጥበብ» ነው። ችሎት ፊት ሲቀርብ እነሱ «አስማት» እያሉ ሲከሱት እሱ «ጥበብ» እያለ ይመልሳል። በእንግሊዝኛው የሌለ ልዩነት ጨመርክ የሚለኝ ካለ አልቀየመውም፤ ነገር ግን ጠቡ ራሱ ያለው እዚያው ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ከተሞቹም አንድ ነገር አለ። ላይኛዋ ሀብታም ከተማ ፒልቶቨር ናት። የታችኛዋ ስም በእንግሊዝኛ ሲነገር «ዞን» ተብሎ ይሰማል፤ ይህን እንዳለ ብጽፈው እናቴ የዞን አስተዳደር ይመስላታል። ስለዚህ እንደ ፊደሉ «ዛውን» አልኩት፤ በአብዛኛው ግን «የታችኛው ከተማ» እያልኩ አለፍኩ። የታችኞቹን ሰዎች ድህነት በአነጋገር ለማሳየት ብዬ መጀመሪያ የገጠር አነጋገር አድርጌላቸው ነበር። እህቴ አንድ ማታ ሰምታ «የአያታችን አነጋገር የሌባና የሽፍታ ምልክት ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ሁሉንም ሰርዤ ለላይኞቹ ረጅም፣ ለታችኞቹ አጭርና ፈጣን ዓረፍተ ነገር ሰጠሁ፤ ሌላ ምልክትም አላስፈለገም።

የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ሰብታይትሉን ይፈትነዋል። አንድ ረጅም ንግግር በሁለት ተከታታይ ካርድ (ካርድ በአንድ ጊዜ ምስሉ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ነው) ሲከፈል፣ በእንግሊዝኛው የሆነው ነገር በመጀመሪያው ካርድ ላይ ይነገራል፤ በአማርኛ ግን ወሬው የሚታወቀው ሁለተኛው ሲመጣ ነው፣ የተናጋሪው ፊት ደግሞ አስቀድሞ ተለውጧል። ወንድሜ ፊቱን አይቶ ደንግጦ፣ ለምን እንደደነገጠ የሚያነበው በኋላ ይሆናል። መድኃኒቱ ንግግሩን ወደ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መስበር፣ አንዳንዴም ግማሹን መተው ነው። ፎርቲሽ ሦስት አቅጣጫ ባለው ሞዴል ላይ ሥዕሉን በእጅ የተቀባ አስመስሎ ሲሠራ ዓይንና ከንፈር ላይ እጅግ ተጠቧል፤ ፊቱ ከተናገረው በላይ ጽሑፍ መደረት ሥራውን መሸፈን ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቃል አልፈታ ብሎኝ ነበር። ከወንዶቹ ልጆች አንዱ ማይሎ፣ ፓውደር የነካችው ሁሉ ስለሚበላሽ «ጂንክስ» እያለ ይሰድባታል። በሦስተኛው ክፍል ቫንደር ተይዞ ሊያድኑት ሲሄዱ፣ ቤት ተቀመጪ የተባለችው ፓውደር ልትረዳቸው ብላ በሠራችው ፈንጂ ማይሎና ሌላው ልጅ ክላገር ይሞታሉ፣ ቫንደርም እዚያው ሕይወቱ ያልፋል። ቫይ በፍርስራሹ መካከል እህቷን መትታ በዚያው ስድብ ትጠራታለች። ልጅቱም ከዚያ በኋላ ያን ስድብ ስሟ አድርጋ ትኖራለች። ስድብም ስምም የሆነ ቃል ነው። መጀመሪያ «ጂንክስ» ብዬ እንዳለ ተውኩት፤ ጨዋታውን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቃት በዚህ ስም ነውና። በመጀመሪያው ማሳያ ማታ፣ ታሪኩ በሙሉ በተንጠለጠለባት በዚያች ቅጽበት እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለቻት?» ብላ ጠየቀችኝ። የሦስት ክፍል ድካም በዚያች ጥያቄ ፈረሰ።

«ገደ ቢስ» የሚለው ቃላችን ፍጹም ይገጥማል፤ ሰውየው ክፉ ነው ሳይሆን ይዞት የሚዞረው ነገር አይቀናም ማለት ነው። ነገር ግን «ገደ ቢስ» ብቻ ካልኩ ስሟ ይጠፋል። ነገሩን በልጅነቴ ፊደል ላስቆጠሩኝ መምህር ነገርኳቸው። ጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልቶች መገኛ ናት፤ እሳቸውም ትርጓሜ የተማሩ ናቸው። «የኔታ፣ ስድብም ስምም የሆነ ቃል እንዴት ይተረጎማል?» አልኳቸው። «ቃሉን ለምን ትጥለዋለህ ልጄ? ንባቡን አስቀድም፣ ትርጓሜውን አስከትል። ሰሚው ሲለምደው ትርጓሜውን ትተወዋለህ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ማይሎ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በሰደባት ቁጥር «ጂንክስ! ገደ ቢስ!» እያለ ሁለቱን አጣምሮ እንዲናገር አደረግሁት። አፉ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ከሌላው ንግግሩ ላይ ቀነስኩ። ቫይ ጋ ሲደርስ ግን ትርጓሜውን ትቼ ስሙን ብቻ አስቀረሁ።

በድምፅ ስንቀርጸው የሴቶቹን ድምፅ እህቴ፣ የወንዶቹን እኔ ወሰድን። የክፍሉ ማስተጋባት ድምፁን ስላበላሸው ስልኩን ይዘን ከአንድ ጋቢ ሥር ገብተን ነበር የምንናገረው፤ የሌሊቱ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ከመጀመሩ በፊት ለመጨረስም እንቻኮላለን። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቤተሰቦቻችን የውጭ ድራማ በአማርኛ መስማት ለምደዋል፤ ስለዚህ ልካችንን የሚለኩት በዚያ ነው። የቫይን የፍርስራሽ ንግግር እህቴ አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው። ጮኻ ስትናገረው አልሆነም፤ ደክሟት፣ ድምፅዋ ሊዘጋ ሲል የተናገረችውን ያዝን።

ከዚያ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ያሳየሁት አዘዞ በሚገኘው በአክስቴ ቤት ነው። ቡና እየተፈላ ነበር። ማይሎ ሲሳደብ የአክስቴ ልጆች ይስቃሉ። ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቫይ «ጂንክስ» ስትላት ግን ማንም ትርጉሙን አልጠየቀም። አክስቴ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንሥታ እንደያዘች ቆመች። «ኧረ ምን በወጣት! ልርዳ ብላ እኮ ነው» አለች። ቫይ ቁጣዋን ልታበርድ ጥቂት ራቅ ብላ ስትሄድ፣ ትንሿ ልጅ ከኋላዋ ስሟን እየጠራች ስታለቅስ፣ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ትመለስላታለች አይደል?»

ምስሉ ሊነግራት ስለነበር አልመለስኩላትም።