ሐሙስ ሐሙስ ባንክ እንሄድ ነበር

ጎረቤቴ 84 ዓመታቸው ነው። የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር ገጠር ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እኔ ሌሊት አትክልት ማሸጊያ እሠራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከፈረቃ ስወጣ ክንዳቸውን ይዤ ባንክ አደርሳቸው ነበር። ሁልጊዜ የሚያወጡት 80 ፓውንድ ነው።

ባለፈው ወር ባንኩ ተዘጋ። ከተማችን የቀራት እሱ ብቻ ነበር። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ከ6,000 በላይ ቅርንጫፎች ተዘግተዋል። መስታወቱ ላይ የለጠፉት ወረቀት ደንበኞች አሁን በስልክ እንደሚጠቀሙ ይናገራል። እኔ ስመጣ ግን አራት መስኮት ይሠራ ነበር። ከዚያ ሁለት ሆነ። በኋላ አንድ፣ እሱም በሳምንት ሦስት ቀን። ወረፋው ሰውን አሰልችቶ አባረረው፤ ከዚያ «ሰው አይመጣም» ተባለ። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

መስኮት ላይ የነበረችውን ልጅ አልረሳትም። አንድ ቀን ጎረቤቴ ብቻቸውን ሄደው 4,000 ፓውንድ ጠየቁ። አንድ ሰው «ከባንክዎ ነው የምደውለው፣ ገንዘብዎ ሊሰረቅ ነው፣ አውጥተው ለምንልከው ሰው ይስጡ፣ ለማንም እንዳይናገሩ» ብሏቸው ነበር። ልጅቷ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። ውስጥ አስገብታ ውሃ ሰጠቻቸውና ፖሊስ ጠራች። እዚህ የባንክ ሠራተኞች ለእንዲህ ያለ ነገር ይሠለጥናሉ። ገንዘባቸው ተረፈ። እሷ የጠረጠረችው ሐሙስ ሐሙስ 80 ፓውንድ ብቻ እንደሚያወጡ ስለምታውቅ ነው። ስልኩ የማንን እጅ ያያል?

አፑን ልጭንላቸው ሞክሬያለሁ። ማረጋገጫው ኮድ በመልእክት ነው የሚመጣው፤ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የለም። አጥሩ በር ድረስ ወጥተው ስልኩን ወደ ላይ ይዘው ይቆማሉ። ኮዱ መጥቶ እስኪገቡ ጊዜው ያልፍበታል። ሦስቴ ሞከርን፤ ከዚያ ተቆለፈ። «ስድሳ ዓመት ደንበኛ ነኝ እኮ» አሉኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ደብረ ታቦር፣ የቁጠባ ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ባንክ የምትሄደው። «እትዬ፣ ልጅዎ ደህና ናት?» ይሏታል። ለሳምንት ትነግረኛለች።

አሁን ባንኮች በጋራ የሚከፍቱት «ባንኪንግ ሀብ» የሚባል አለ። ገንዘብ ማውጣትና ማስገባቱን ፖስታ ቤት ይሠራል፤ እያንዳንዱ ባንክ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ሰው ይልካል። ጥሩ ነገር ነው፤ ለእኛም ከተማ እንዲከፈት ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ቅርቡ ግን 22 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የእሳቸው ባንክ ተራ ማክሰኞ ነው። የአረጋውያን ነጻ የአውቶብስ ካርድ የሚሠራውም በዚህ አገር ሰዓት ከጠዋቱ 9:30 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ3:30) በኋላ ነው።

የፊታችን ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። ጥያቄያቸውን ፖስታ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጽፈዋል። ሰባት ናቸው። የመጀመሪያው «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» ይላል።