የፋይሉን ስም ያየ ጆሮ

የሙዚቃ ስብስቤን ለብዙ ዓመታት ከድምፁ መረጃ ምንም በማይቀነስበት የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ ብቻ ሳስቀምጥ የኖርኩት፣ ከፊሉን መረጃ ጥሎ ፋይሉን ከሚያሳንሰው ከኤምፒስሪ ጋር ያለውን ልዩነት ጆሮዬ እንደሚለይ ስለማምን ነበር። እምነቴን የፈተንኩት ግን ዘግይቼ ነው። ኤቢኤክስ በተባለው የፍተሻ ዘዴ አድማጩ ሁለቱን ቅጂዎች ካደመጠ በኋላ ማንነቱ የተሰወረ ሦስተኛ ድምፅ ይቀርብለትና ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል። ከ16 ሙከራ 12 እና ከዚያ በላይ በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል ከ100 4 ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ የደረሰ ሰው ልዩነቱን ሰምቷል ለማለት ያስደፍራል። እኔ በሰከንድ 320 ኪሎቢት መረጃ ከያዘው ኤምፒስሪ ጋር ሳወዳድር ያገኘሁት 9 ነው፤ ሳንቲም እየወረወርኩ ብመልስም ከዚህ ብዙ አልርቅም ነበር።

ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ያህል ይይዛል። ከሩብ በታች የሆነው ቅጂ እንዴት እኩል ሊሰማ ይችላል? ምክንያቱ ያለው በራሱ በመስማት ባሕርይ ውስጥ ነው፦ ጎላ ያለ ድምፅ በድግግሞሽ የሚጎራበተውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ኤምፒስሪም ቢት የሚቆጥበው የቁጠባው ስሕተት በዚህ ሽፋን ሥር ተደብቆ እንዲቀር አድርጎ ነው። ቢቱ እጅግ ሲያንስ ግን ሽፋኑ አይበቃም። በ128 ኪሎቢት ያደመጥኩት የአዳራሽ ጭብጨባ ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ነገር መስሎኝ ነበር፤ የሲምባሉ ጥራትም ደብዝዞ ነበር። እንደ ካስታኔት (በእጅ እየተጋጨ የሚመታ ትንሽ መሣሪያ) ያለ ድንገተኛ ምት ደግሞ ከመመታቱ በፊት በነበረው ጸጥታ ላይ ጭረት መሰል ድምፅ ይበተንበታል፤ ከኋላው የሚመጣው ምት ወደ ኋላ ተመልሶ ብዙ ሊሸፍን አይችልምና። እንዲህ ያለውን ቦታ ለይተው የሚያውቁ የሠለጠኑ አድማጮች በከፍተኛ ቢትም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ይለያሉ።

ከሁሉ በላይ ያሳሳተኝ የድምፁ ከፍታ ነበር። ከአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ያነሰ ብልጫ እንኳ "ከፍ ያለ" ተብሎ ሳይሆን "የጠራ" ተብሎ ስለሚሰማ፣ ከፍታው ያልተስተካከለ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ይህም ሆኖ ፍላኩን አልተውኩም። የተጣለ መረጃ ስለማይመለስና ኤምፒስሪን ወደ ሌላ የተጨመቀ ዓይነት መለወጥ በጉድለት ላይ ጉድለት ስለሚጨምር፣ ለማኖሪያ የሚሆነው ሙሉው ቅጂ ነው። ስልኬ ላይ ግን አሁን 320ውን ያለ ቅሬታ እጭናለሁ።